ለብርድ አገር የሚስማማ መዓዛና የተማሪ ኪስ



ስለ ሽቶ መጻፍ ለትምህርት ቤት መጽሔት የማይገባ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ተማሪ ገንዘቡን የሚያወጣበት፣ ጓደኛውን የሚያከብርበት ወይም የሚንቅበት፣ ጤናውንም የሚጠብቅበት ወይም የሚጎዳበት ነገር ሁሉ ቀላል ሊባል አይገባውም። ሽቶም ከነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ለብርድ ወራት የሚስማማና ከተማሪ አቅም የማያልፍ መዓዛ የትኛው እንደ ሆነ የበኩሌን አስተያየት ለማቅረብ ወደድሁ።

እንደሚታወቀው ከተማችን አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ናት። በክረምት ዝናቡና ጉሙ፣ በኅዳርና በታኅሣሥም የሌሊቱ ውርጭ ሹራብና ጋቢ ያስደርባል። ከሳጉሬና ከበቆጂ የመጡ ጓደኞቻችን ብርዱን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። እንዲህ ባለ አገር ውሃው ሲቀዘቅዝ ገላ መታጠብ ያስፈራል፤ የታጠበ ልብስም ሳይደርቅ ይሰነብታል፤ ያልደረቀ ልብስ ደግሞ ይሻግታል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን መፍትሔው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ባለው ጠርሙስ ውስጥ ያለ ይመስለናል።

በመጀመሪያ የነገሩን ባሕርይ እንመልከት። ሽታ ማለት ከአንድ ነገር ላይ ተንኖ በአየር ወደ አፍንጫችን የሚደርስ ረቂቅ ቅንጣት ነው። ሙቀት ሲኖር ብዙ ይተናል፤ ሲበርድ ግን ጥቂት ብቻ። እንደ ሎሚና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያለው ቀላል ሽታ ብልጭ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። እንደ ዕጣን፣ እንደ ሰንደል፣ እንደ ቀረፋና እንደ ቫኒላ ያለው ከባድ መዓዛ ግን ቀስ እያለ ስለሚተን በወፍራም ልብስ ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ሽቶ ቀማሚዎች «ሞቃት» የሚሉት ይህንኑ ነው። ይህም ማለት በእውነት ገላን ያሞቃል ማለት ሳይሆን ምድጃንና ቤትን ያሳስባል ማለት ነው።

እንግዲህ «ኮሎኝ» የምንለው ለብርድ ወራት የማይስማማበት ምክንያት ከዚህ ይታወቃል። ስሙ የመጣው ከጀርመን ከተማ ከኮሎኝ ነው። በዚያ የታወቀው የፋሪና ሽቶ ቤት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1709 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዝነኛ የሆነውም በሎሚና በብርቱካን ዓይነት መዓዛ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሽቶ ውስጥ ዋናው መዓዛ ከመቶ 2 እስከ 5 እጅ ያህል ቢሆን ነው፤ የቀረው አልኮልና ውሃ ነው። አልኮል ደግሞ ሲተን ከገላችን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በብርድ ማለዳ ኮሎኝ የሚረጭ ተማሪ እንግዲህ ገንዘቡን ከፍሎ ብርድ ይገዛል ማለት ነው።

አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። ዓለም «ሞቃት» ለሚለው ሽቶ የሚፈልገው ዕጣንና ከርቤ የሚበቅለው በገዛ አገራችን ነው፤ ዕጣን በትግራይና በመተማ ቆላ፣ ከርቤ ደግሞ በቦረናና በኦጋዴን። ከጥርኝ የሚገኘው ዝባድም ከኢትዮጵያ በቀንድ ታሽጎ ለፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች ሲላክ ኖሯል። ከአገራችን በርካሽ የሄደው ነገር በሚያምር ጠርሙስ ሆኖ በውድ ዋጋ ሲመለስ እናደንቀዋለን፤ እናታችን ከገበያ በወረቀት ጠቅልላ ያመጣችውን ግን አናየውም።

ስለዚህ አቅሙ ለማይፈቅድ ተማሪ የምመክረው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ንጽሕና ነው። በእድፍ ላይ የተረጨ ሽቶ ሁለት ሽታ ይሆናል እንጂ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ሳሙናና የፀሐይ ብርሃን ከማናቸውም ሽቶ ይረክሳሉ።

ሁለተኛ፤ የደረቀ አደስ ከጥቂት ቅርንፉድና ከአንድ ስባሪ ቀረፋ ጋር በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ በልብስ ሣጥን ውስጥ ማኖር ነው። ጋቢውም ሹራቡም መዓዛውን ይጠጣል። ይህን ሁሉ ከቅመም ተራ በጥቂት ብር ማግኘት ይቻላል።

ሦስተኛ፤ ዕጣን የሚገዛ ሰው ትልልቁንና ነጩን ካልሆነ አይበል። ነጋዴዎች ዕጣንን የሚለዩት በተለይ በመጠንና በቀለም ስለ ሆነ፣ ከአንድ ዛፍ የተገኘው ደቃቁ ስባሪ ዋጋው ዝቅ ይበል እንጂ ለማጨስ ያው ነው።

አራተኛ፤ የግድ ጠርሙስ የሚያምረው ሰው አልኮል የሌለበትን፣ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን የዘይት ሽቶ ይምረጥ። ዘይት ቶሎ ስለማይተን ከጆሮ ጀርባ አንድ ጠብታ ትበቃለች። በብርድ የደረቀ ቆዳ መዓዛ አይዝምና አስቀድሞ ጥቂት ቫዝሊን መቀባት ይረዳል። ነገር ግን አዲስ ሽቶ ከመቀባት በፊት በክንድ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጥቂት ነክቶ አንድ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የሚያሳክክ ወይም የሚያቀላ ከሆነ ይቅር።

አምስተኛ፤ መስኮት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪዎች ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ፣ አስም ያለበትንም ጓደኛ በማሰብ፣ መዓዛችን ከእኛ አልፎ ጎረቤታችንን የሚያስነጥስ መሆን የለበትም።

ከዚህ ሌላ በብርቱ ማሳሰብ የምፈልገው አንድ ጉዳይ አለ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ጓደኞቻችን በብርድ ሌሊት ከሰል አያይዘው፣ ዕጣን ጨምረውበት፣ በሩን ዘግተው ይተኛሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ የዕጣኑ መዓዛ ደግሞ ቤቱ ደኅና እንደ ሆነ ያስመስላል። ከሰሉ ደኅና ቢቀላና ጭሱ ቢያልቅ እንኳ መርዙ አይጠፋም። ስለዚህ ዕጣን የሚጨሰው በርና መስኮት ተከፍቶ ነው፤ ከመተኛት በፊትም ማጨሻው ከነፍሙ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ወላጆችም ልጆቻቸውን ሲሸኙ ከስንቁ ጋር ይህን ምክር ቢጨምሩላቸው መልካም ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ዘመኑ ሠልጥኗል፤ ጢስና አደስ የአያቶቻችን ነው፤ የከተማ ሰው በጠርሙስ ይሽተት» ይሉኝ ይሆናል። ጠርሙስን አልነቅፍም፤ አቅሙ ያለው ይግዛ። የምነቅፈው ሰውን በሽታው መመዘንን ነው። «ጢስ ጢስ ትሸታለህ»፣ «ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ» የሚለው ቀልድ በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ነው። ቀልዱ የሚነካው ግን ከምድጃ አጠገብ ሲያጠና ያመሸውንና እናቷ ጠጉሯን በአደስ ቅቤ የቀባቻትን ነው። እንዲህ የተባለ ልጅ ወደ ኋላ ወንበር ይሸሻል፤ መልሱን እያወቀ እጁን አያነሣም፤ ወላጆቹም ገብስ ሸጠው ለደብተር የላኩለትን ብር ለሽቶ ያውለዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ቃል ነው።

ይህንንም ማስታወስ ይገባል። የአርሲ እናቶች የወተት ዕቃቸውን በኤጀርሳ፣ ማለት በወይራ፣ ያጥናሉ። ያ ጢስ ለወተቱ ጣዕም ይሰጠዋል፤ እንዳይበላሽም ይረዳዋል። በየበዓሉም ቤታችን ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ቡና ተቆልቶ፣ ዕጣን ሲጨስ «ደስ የሚል ቤት» እንላለን። በቤት ያመሰገንነውን መዓዛ በክፍል ውስጥ በጓደኛችን ልብስ ላይ ስናገኘው የምንሥቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

በእኔ አስተያየት እንግዲህ ለደጋ ተማሪ የሚስማማው መዓዛ የታጠበና በፀሐይ የደረቀ ልብስ፣ በውስጡም የአደስና የቅርንፉድ ቋጠሮ ነው። ከዚህ የተረፈው ብር ለደብተርና ለመጽሐፍ ይዋል። መምህሮቻችንም ይህን የጢስና የቅቤ ቀልድ በክፍል ውስጥ ሲሰሙ ዝም ብለው እንዳያልፉት በትሕትና አሳስባለሁ።