የመሰናበቻው ሰኔ

የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያዎቹ መምህራን ኢትዮጵያ የገቡት በ1962 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቁጥራቸው ወደ 280 ይጠጋል። ኃላፊያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ከነቤተሰባቸው አዲስ አበባ ሲቀመጡ፣ ብዙዎቹ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ተመደቡ። ከአዲስ አበባ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ከሚወስዱት መንገዶች የጎጃሙ በሱሉልታ፣ የወለጋው በቡራዩ፣ የጅማው በሰበታ ያልፋል።

ይህ እትም የሚያተኩረው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ነው። ሁለቱ የአገልግሎት ዓመታት በ1964 እ.ኤ.አ. ሲያበቁ ስንብቱ ከፈተና እርማትና ከዕቃ መሸከፍ ጋር ገጠመ። ከሁሉም የሚከብደው ግን የተማሪው ጥያቄ ነበር፦ በመስከረም ክፍሉን ማን ይይዛል? የሁለተኛ ደረጃ መምህር እጅግ ባነሰበት በዚያ ዘመን የአንድ ሰው መሄድ ትልቅ ጉድለት ነበር። ያም ሆኖ ተተኪ ቡድኖች እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ማስተማራቸውን ቀጥለዋል።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ የእነዚህ መምህራን ተማሪዎች፣ ትዝታችሁን ለዝግጅት ክፍሉ ላኩ።