ከዋሽንግተን የተመለሰ ኦዲተር የት ይቀመጥ?

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የውጭ አገር ሥልጠና ዕድል ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው «ምን ተምሮ ይመጣል?» የሚለው ሳይሆን «ተራው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ከዚህ በፊት ያልሄደ ይሄዳል፣ ጡረታው የደረሰ ይሄዳል፣ ከኃላፊው ጋር የተግባባ ይሄዳል። ሲመለስ ለሥራ ባልደረቦቹ ቸኮሌት ያከፋፍላል፣ የምስክር ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ለሰው ሀብት ያስገባል፣ ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ወደቆየው ፋይል ይመለሳል። ይህ ልማድ በየትኛውም ዘርፍ ጉዳት አለው። የሚሄደው ሰው የሕዝብን ገንዘብ የሚመረምር ኦዲተር ሲሆን ግን ጉዳቱ ከአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ያልፋል።

ለመንግሥት ኦዲተሮች ከሚሰጡ የውጭ ፌሎሺፖች አንጋፋው ከሚባሉት አንዱ የአሜሪካው ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ኦዲተር የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ጂኤኦ፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ከየአገሩ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት የሚላኩ ባለሙያዎችን ለአራት ወር ያህል ዋሽንግተን ላይ ሲቀበል ቆይቷል። ካናዳም ተመሳሳይ ፕሮግራም አላት። ህንድ ደግሞ ኒው ዴልሂ አጠገብ ኖይዳ ባለው ማዕከሏ አጫጭር ኮርሶችን ትሰጣለች።

የኦዲት ስታንዳርድ ለመማር ብቻ ከሆነ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የዓለም ዋና ኦዲተሮች ማኅበር፣ ኢንቶሳይ፣ ያወጣቸው ስታንዳርዶች ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አፍሪካ አገሮች ዋና ኦዲተሮች ድርጅት፣ አፍሮሳይ-ኢ፣ ማኑዋል ያዘጋጃል፣ ያሠለጥናል። ስለ ናሙና አወሳሰድ ለመስማት አራት ወር ዋሽንግተን መቀመጥ ብክነት ነው፤ ብክነትን ደግሞ ከማንም በላይ ኦዲተር ያውቀዋል። ከቤት ሆኖ የማይታየው ሌላ ነው፤ ስታንዳርዱ በተራ የሥራ ቀን እንዴት እንደሚሠራበት።

የዲዛይን ማትሪክስ የሚባለውን ሠንጠረዥ እንደ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ጂኤኦ ውስጥ አንድ የክዋኔ ኦዲት ቡድን ወደ ዋናው ሥራ ከመግባቱ በፊት ይህን ሠንጠረዥ ይሞላል። የሚመረመረው ጥያቄ በአንዱ ዓምድ፣ የሚያስፈልገው መረጃና ምንጩ በሌላው፣ ከዚያ መረጃው የሚሰበሰብበትና የሚተነተንበት መንገድ፣ ከዚያም የመንገዱ ውስንነት ይጻፋል። የመጨረሻው ዓምድ ግን ለየት ያለ ነው። ይህ ሥራ ሲያልቅ ምን ለማለት ያስችለናል? ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ከጥያቄው ጋር ካልገጠመ ዕቅዱ እዚያው ቢሮ ውስጥ ይስተካከላል። መስክ ወጥቶ፣ አበል ተከፍሎ፣ በካርቶን ሙሉ ፎቶ ኮፒ ይዞ ከተመለሰ በኋላ «እንግዲህ ከዚህ ውስጥ ምን ግኝት እናውጣ?» ብሎ መጨነቅን የሚያውቅ ኦዲተር የዚህችን ዓምድ ጥቅም ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም።

ማመሳከርም አለ። በረቂቅ ሪፖርቱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቁጥርና እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከየትኛው የሥራ ወረቀት እንደመጣ ይጠቆማል። ከዚያ በኦዲቱ ያልተሳተፈ ልምድ ያለው ኦዲተር ተቀምጦ አንድ በአንድ ያመሳክራል። «በርካታ» የሚል ቃል ሲያጋጥመው ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። «አብዛኞቹ» የሚለው ከግማሽ በላይ መሆኑን ማስረጃው ላይ ያያል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ማንም አይወደውም። ግን ሪፖርቱ በወጣ ማግስት ሚኒስቴሩ «ቁጥሩ ስህተት ነው» ብሎ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ይኸው ነው። ለኦዲት ተደራጊውም ፍትሐዊ ነው፤ በቸልታ የተጻፈች አንዲት ዓረፍተ ነገር የአንድን የፋይናንስ ዳይሬክተር ስም ልታጠፋ ትችላለችና።

ይበልጥ የሚከነክነው ግን የመንስኤ ነገር ነው። አሜሪካኖቹ ከሽፋኑ ቀለም የተነሳ «ቢጫው መጽሐፍ» የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው የመንግሥት ኦዲት ስታንዳርድ፣ የአንድ ግኝት ክፍሎች አራት ናቸው ይላል፤ መስፈርቱ፣ የተገኘው ሁኔታ፣ መንስኤው እና ያስከተለው ውጤት። ይህን የማያውቅ ኦዲተር የለም። ኢንቶሳይም ያስተምረዋል። ችግሩ የሚመጣው ሲጻፍ ነው።

ለጆሮ የለመደውን ግኝት መውሰድ ይቻላል፤ በመመሪያው በተቀመጠው ጊዜ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ ተገኘ። መስፈርቱ መመሪያው ነው። የተገኘው ሁኔታ ያልተወራረደው ብር ነው። መንስኤው ጋ ሲደረስ «የውስጥ ቁጥጥር ድክመት» ይባልና ይታለፋል። ማሻሻያ ሐሳቡም ከዚያው ይቀዳል፤ ሒሳቡ በአስቸኳይ ሊወራረድ ይገባል። ይህ ግን ማሻሻያ ሐሳብ ሳይሆን ግኝቱን ገልብጦ መድገም ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ሲመለስ ሒሳቡ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ለምን እንዳልተወራረደ ቢጠየቅ መልሱ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል። አንዱ ጋ ገንዘቡን የወሰደው ሠራተኛ ለቆ ሄዷል፣ ክሊራንስ የሰጠውም አካል ዕዳ እንዳለበት አልጠየቀም። ሌላው ጋ ሥራው ተሠርቷል፣ ገንዘቡም በአግባቡ ወጥቷል፣ ደረሰኙ ግን በቅርንጫፍና በዋናው መሥሪያ ቤት መካከል ጠፍቷል። በ2011 ዓ.ም. የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ቁጥር ወደ 20 ሲቀነስና በ2014 እንደገና ሲደራጁ የተዋሃደ መሥሪያ ቤት፣ ከቀድሞው የተረከበውን ሒሳብ ባለቤት ለመፈለግ ሰነዱ የት እንደገባ እንኳ ላያውቅ ይችላል። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ የክሊራንስ አሠራር ነው፣ ለሁለተኛው የሰነድ ዝውውር፣ ለሦስተኛው ደግሞ ከገንዘብ ሚኒስቴር የሚመጣ ውሳኔ። ሦስቱንም «በአስቸኳይ ይወራረድ» ማለት አንዱንም አለመርዳት ነው።

ዋሽንግተን ላይ አራት ወር የተቀመጠ ሰው በጣም ሊገርመው የሚገባው ግን ከሪፖርቱ በኋላ የሚሆነው ነው። በአሜሪካ ሕግ፣ ማሻሻያ ሐሳብ የቀረበለት የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኃላፊ ምን እርምጃ እንደወሰደ በ180 ቀን ውስጥ ለኮንግረስ ኮሚቴዎች በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። እያንዳንዱ ማሻሻያ ሐሳብ በጂኤኦ ድረ ገጽ ላይ ከነሁኔታው ይቀመጣል፤ ክፍት ነው፣ ተፈጽሞ ተዘግቷል፣ ወይም ሳይፈጸም ተዘግቷል። የኦዲት መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ነጥቦች ለየሚኒስትሩ በደብዳቤ ያስታውሳል፤ ደብዳቤውም ይታተማል። መሥሪያ ቤቱ ራሱን ከሚለካባቸው መስፈርቶች አንዱ ካቀረባቸው ማሻሻያ ሐሳቦች ውስጥ በአራት ዓመት ጊዜ ስንቱ ተፈጸመ የሚለው ነው። ሰሞነኞቹ ዓመታት ላይ ውጤቱ ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ሩብ ያህሉ ተቀባይ አጥቷል ማለት ነው፤ ያንንም አይደብቁትም።

ይህ የኦዲተሩን አስተሳሰብ ይለውጣል። መለኪያው የሪፖርት ብዛት ብቻ ሲሆን ኦዲተር ግኝት ያበዛል። የተፈጸመ ማሻሻያ ሐሳብም ሲቆጠር ግን ሊፈጸም የሚችል ነገር መጻፍ ይጀምራል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። ጂኤኦ ከ3,000 በላይ ሠራተኛ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1921 በሕግ የተቋቋመ፣ ኃላፊው ለ15 ዓመት የሚሾምበት ተቋም ነው። ከአዲስ አበባ ጋር ምን ያገናኘዋል? አሜሪካስ ራሷ መቼ ንጹሕ ሆነች? እውነት ነው፣ አልሆነችም። ጂኤኦ የአሜሪካን መንግሥት የተጠቃለለ ሒሳብ መመርመር ከጀመረበት ከ1997 የበጀት ዓመት ወዲህ በየዓመቱ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ አስተያየት ለመስጠት አልተቻለም። ዋናው ምክንያት የመከላከያ ሚኒስቴሩ ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በተጀመረው የከፍተኛ ስጋት ዝርዝር ውስጥ ያኔ የገቡት የሜዲኬር ፕሮግራምና የጦር መሣሪያ ግዥ ዛሬም አልወጡም።

ለተላከው ኦዲተር ግን ይህም ትምህርት ነው። ያ ሁሉ አቅም ያለው መሥሪያ ቤት እንኳ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ይጽፋል፣ ተስፋ ቆርጦ ቃሉን አያለዝብም። ከዝርዝሩ ለመውጣት ምን መሟላት እንዳለበትም አስቀድሞ ጽፎ አስቀምጧል፤ የአመራር ቁርጠኝነት፣ አቅም፣ የድርጊት መርሐ ግብር፣ ክትትል፣ የታየ ለውጥ። ሚኒስትሩ ቢቀየርም መስፈርቱ አይቀየርም።

ገንዘብና የሰው ኃይል የሚጠይቀው ነገር ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 ዋና ኦዲተሩ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሚሾም፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለምክር ቤቱ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ይደነግጋል። ምክር ቤቱም የመንግሥት ወጪን የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴ አለው። መዋቅሩ አለ። ገመቹ ዱቢሶ ዋና ኦዲተር በነበሩበት ጊዜ የሚቀርበው ዓመታዊ ሪፖርት አገር የሚነጋገርበት ዜና ሆኖ ነበር። ዜና ግን በሳምንቱ ያረጃል። የማያረጀው ዝርዝር ነው፤ የትኛው ማሻሻያ ሐሳብ፣ ለየትኛው መሥሪያ ቤት፣ መቼ ተሰጠ፣ አሁን የት ደረሰ። ይህን ማንም ዜጋ ከፍቶ ሊያየው በሚችል አንድ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ የዋሽንግተንን በጀት አይፈልግም።

የጂኤኦ ፌሎሺፕ ተሳታፊ ሥልጠናው ሲያልቅ አገሩ ተመልሶ ምን እንደሚለውጥ የሚያሳይ የስትራቴጂ ጽሑፍ ያዘጋጃል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ጽሑፉን የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፣ የሚፈጽመው ግን መሥሪያ ቤት ነው። የተላከው ባለሙያ የቡድን መሪ እንኳ ካልሆነ፣ የሪፖርቱን አጻጻፍ የሚወስነው አለቃው ያንን ጽሑፍ አንብቦት የማያውቅ ከሆነ፣ ጽሑፉ ፋይል ከመሆን አያልፍም። ይባስ ብሎ ሰውየው በተመለሰ በስድስት ወሩ ወደ ሌላ ዳይሬክቶሬት ይዛወራል፤ ወይም የተሻለ ደመወዝ የሚከፍል ባንክ ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅት ይወስደዋል። በእሱ መፍረድ ከባድ ነው። የኑሮ ውድነቱን የሚያውቅ አይፈርድበትም።

ስለዚህ ላኪው መሥሪያ ቤት ከመላኩ በፊት የሚሠራው ሥራ አለ። ሲቻል ከአንድ ቡድን ሁለት ሰው በተከታታይ ዓመት መላክ፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው ይቀራል፣ ሁለቱም ካሉ ደግሞ አንዱ የሚናገረውን የሚረዳ ሌላ ሰው ቢሮው ውስጥ አለ። የስትራቴጂው ርዕስ ሰውየው ከመሄዱ በፊት ከዋና ኃላፊው ጋር ተነጋግሮ የተወሰነ ቢሆን፣ ሲመለስ ከባዶ ማሳመን አይጠበቅበትም። በተመለሰ ማግስት ደግሞ አንድ እውነተኛ ኦዲት ተሰጥቶት ከዲዛይን ማትሪክሱ እስከ ማመሳከሩ በተማረው መንገድ ከቡድኑ ጋር ይሥራው። አንድ ብቻ ይበቃል። የግማሽ ቀን ገለጻ በፓወር ፖይንት አቅርቦ ሻይ ከተጠጣ በኋላ የሚረሳ ነገር አሠራር አይሆንም።

ቋሚ ኮሚቴውም ድርሻ አለው። አንድ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቀርቦ ስለ ዘንድሮው ግኝት ከመጠየቁ በፊት ያለፈው ዓመት ማሻሻያ ሐሳቦች ስንቱ እንደተፈጸመ በቁጥር ቢጠየቅ፣ ጥያቄው በየመድረኩ መጀመሪያ ላይ ቢደገም፣ መልሱን የሚይዝ ሠንጠረዥ በየመሥሪያ ቤቱ መዘጋጀቱ አይቀርም። ሠንጠረዡ እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ተልኮ ተምሮ ተመልሷል፤ አሁን የሌላ ክፍል ፋይል ይዞ ተቀምጧል።