ጅምር ማብዛት ድርሰት አይደለም

ዛሬ ብዙ ደራሲ አንዱን ጽሑፍ ሳይፈጽም ሌላውን ይጀምራል፤ ስለ ምን ቢሉትም «አዲስ ሐሳብ ወዲያው ካልያዙት ያመልጣል» ብሎ ይመልሳል። ይህ ምክንያት ለሰሚ ያማረ ነው፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። የሚያመልጠውን ሐሳብ ባንድ መሥመር ጽፎ አኑሮ ወደ ጅምሩ መመለስ ይቻላልና።

እውነተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። በመጀመሪያ ሐሳብ ሁሉ ያምራል፤ ከመካከል ሲደርሱ ግን የዕውቀት ጉድለት ይገለጣል። ያላለቀውን ጽሑፍ ማንም አይነቅፈውም፤ ስለዚህ ጀማሪው ከነቀፋ ይሸሻል፤ ሽሽቱንም የሐሳብ ብዛት ይለዋል። የቅኔ ቤት ይህን አይቀበልም፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ በሰባተኛው ቢቆም፣ ሰባቱ ምንም ቢያምሩ መወድስ አይባልም።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር አለ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ደከሙበት። እርሳቸውም ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ቢያርፉ፣ አደራው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ሆነ። አለቃ ደስታ አስቀድመው የመምህራቸውን መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙ፤ የራሳቸው ያማርኛ መዝገበ ቃላት የታተመው ግን በ1962 ዓ.ም. ነው።

ሦስት ሊቃውንት ባንድ ጅምር እየተቀባበሉ ሲደክሙ፣ አንድ ሰው ባንድ ዓመት ሦስት ጅምር ጥሎ ደራሲ መባልን ይሻልን? እንግዲህ ብዕር ያነሣ ሁሉ አዲስ ወረቀት ከመዘርጋቱ በፊት ሣጥኑን ይክፈት፤ በዚያ የሚጠብቀውንም ይፈጽም።