በጀት ሲጎድል ስልኩ የሚደወለው ለማን ነው?

ኦንታሪዮ ውስጥ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ችሮታ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ሕግ ያጸናው መብት ነው። ታዲያ ቶሮንቶ ላይ የልዩ ፍላጎት ተማሪን የምትረዳው የክፍል ረዳት በቀረችበት ቀን የልጁም መብት አብሮ የሚቀረው በየትኛው አንቀጽ ነው?

አሠራሩን ወላጆች ያውቁታል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ይደወላል፦ «ዛሬ ሰው አጥሮናል፤ መጥተው ቢወስዱት?» እገዳ አይባልም፣ ቅጣትም አይባልም። የሀበሻ እናት ደግሞ «አስቸገርናችሁ» ብላ ይቅርታ ጠይቃ ትወስደዋለች! በሰዓት የምትከፈል ከሆነች የቀኑ ገንዘብ ቀረ። የአንድ ትምህርት ቤት ጣጣ ነው እንዳይባል፣ «ፒፕል ፎር ኤጁኬሽን» የተባለው ድርጅት በ2018 ባወጣው ሪፖርት ከኦንታሪዮ የአንደኛ ደረጃ ርዕሳነ መምህራን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የልዩ ፍላጎት ተማሪ ቢያንስ የቀኑን ከፊል ቤት እንዲውል መምከራቸውን ተናግረዋል። እንግዲህ ገንዘቡ ተቆጠበ ወይስ ዕዳው ወደ እናትየው ተዛወረ?

ረዳቷስ? አንዱ ልጅ በር ከፍቶ ሲሮጥ፣ ሌላው ልብሱ ሲቀየርለት፣ ሦስተኛው ጆሮውን ይዞ ሲጮኽ የትኛው ጋ ትሁን? በ2022 ረዳቶችንም የሚወክለው የኦንታሪዮ ትምህርት ቤት ሠራተኞች ማኅበር የአባላቱ አማካይ የዓመት ገቢ 39 ሺህ ዶላር ነው ብሎ ሥራ ለማቆም ሲነሳ፣ የክፍለ ሀገሩ መሪ የዳግ ፎርድ መንግሥት አድማውን በሕግ ከለከለ። በኋላ ሕጉን ሻረው እንጂ፣ በዚህ ክፍያ ማን ይቆያል ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን ነበር?

የቶሮንቶ ዲስትሪክት ትምህርት ቦርድ ለልዩ ፍላጎት የማወጣው ከክፍለ ሀገሩ ከማገኘው ይበልጣል እያለ ሲጮኽ ኖሯል። ምላሹ ምን ሆነ? በሰኔ 2025 የትምህርት ሚኒስትሩ ፖል ካላንድራ የገንዘብ አያያዙን ነቅፈው ቦርዱን በተቆጣጣሪ ሥር አደረጉት፤ የተመረጡት አባላት የመወሰን ሥልጣናቸውን አጡ። የቦርዱ አባላት ጻድቃን ነበሩ ማለቴ አይደለም። ግን ወላጅ ባልመረጠው፣ በድምፁም በማያወርደው ሰው ፊት አቤቱታው ምን ክብደት አለው?

የገንዘብ እጥረት ሰበብ ግን አዲስ አይደለም፤ የሰሜን ቫንኩቨር ትምህርት ቦርድም ገንዘብ አጠረኝ ብሎ ማንበብ የሚቸግራቸውን ልጆች የሚረዳ ማዕከል ዘግቶ ነበር። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ማንበብ ይቸግረው በነበረው በጄፍሪ ሙር ጉዳይ እንዲህ ያለው ድጋፍ ቅንጦት አይደለም ሲል ፈረደ፤ ቦርዱ ከመዝጋቱ በፊት ለእነዚህ ልጆች ሌላ ምን አማራጭ እንዳለ አለማጤኑንም ነቀፈ። የጄፍሪ አባት አቤት ያሉት በ1997 ነበር፤ ፍርዱ ሲመጣ ልጃቸው ጎልማሳ ሆኗል። ከቶሮንቶ ልጆች 15 ዓመት መጠበቅ የሚችለው የትኛው ነው?