ርቀት በኪሎ ሜትር ወይስ በሰዓት?

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ከዋሽንግተን ዲሲ እስከ ቦሌ ቀጥታው የአየር መስመር ከ11,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲመጣ ይህን በ13 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ ይጨርሰዋል። ሲሄድ ግን ነዳጅ ለመሙላት በመንገድ ያርፋል፤ በተለያዩ ዓመታት ሮምም ደብሊንም አርፏል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሣት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ነፋሱ ሲሄድ ከፊት ይገጥመዋል፣ ሲመጣ ከኋላ ይገፋዋል። ኪሎ ሜትሩ ያው፣ ሰዓቱ ሌላ።

ከቦሌ ላሊበላ ደግሞ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ የአንድ ሰዓት በረራ። በመኪና በደሴና በወልድያ ሲዞሩት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም መንገድ ላይ ያሳድራል።

አሁን ዋሽንግተን የምትኖር የኮን ልጅ አባቷ አረፉ እንበል። በወረቀት ላይ የ14 ሰዓት በረራ ነው። ነገር ግን ትኬት ፍለጋ አለ፣ ቦሌ ተቀምጦ የሚቀጥለውን በረራ መጠበቅ አለ፣ ከላሊበላ ማረፊያ በጋሸና በኩል ዋድላ ድረስ መኪና መለመን አለ። ቀብር ደግሞ እኛ አገር አይጠብቅም፤ በዕለቱ ካልሆነ በማግስቱ አፈር ይለብሳል። ስለዚህ ቤተሰቡ ይደብቃታል። ከሳምንታት በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ በሌሊት በሯን ያንኳኳል፤ መርዶ።

መርዶ ማዘግየት ባህላችን ነው ይባላል። እኔ ግን ግማሹ ባህል፣ ግማሹ የመንገድ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። ደርሳ አፈር የምታለብስ ቢሆን ማን ይደብቃት ነበር?

«ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ አለ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። ግን በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ያ አንድ ሰዓት የት ነበር? በሐምሌ 2015 ግጭቱ ሲያገረሽና በረራው ሲሰረዝስ? ያኔ አዲስ አበባ ያለው የኮን ልጅና ዋሽንግተን ያለችው እኩል ሩቅ ሆኑ።

በአየር መንገዳችን እንኮራለን፤ ደግሞም ይገባዋል። አትላንቲክን ማቋረጥ ቀላል ሥራ አይደለም። ነገር ግን ለኮን ሰው ርቀቱን የሚወስነው አትላንቲክ ሳይሆን ከማረፊያው እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ነው፤ መሠራቱ ብቻ ሳይሆን ሰላም ማደሩም ጭምር። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከእንግዲህ «ይህን ያህል ሰዓት ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ አንዲት ጥያቄ ጨምሩበት፦ እስከ ማን ደጃፍ?