ሒሳቡን ዓሣው እንዳይከፍል

«ነፃ» የሚለውን ቃል በቀላሉ አላምነውም። ኢኮኖሚክስ ስማር የተጋባብኝ አመል ነው። አንድ ነገር በነፃ ተገኘ ሲባል «ታዲያ ሒሳቡን ማን ከፈለ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ሰሞኑን ይሄን ጥያቄ ያስነሳብኝ እንጨት ነው። ቤታቸው ዓሣ የሚያሳድጉ ልጆች በሚለቋቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ላይ አንድ ነገር ይደጋገማል። ሐይቅ ዳር ውኃ የተፋው ጠምዛዛ እንጨት ይነሳል፣ በቧንቧ ውኃ ለቅለቅ ይደረጋል፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ አኳሪየሙ! 60 ሰከንድ አይሞላም። ከሥሩ «በነፃ ያሳመርኩት» የሚል ጽሑፍ አለ። ቪዲዮው የማያሳየን ቀጣዩን ሳምንት ነው።

አትሳሳቱ፣ እንጨቱን አንሱ ባይ ነኝ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ፣ ከውጭ የሚመጣ ጌጥ ሁሉ ዋጋው ዶላርን ተከትሎ ይሮጣል። ደጃችን የወደቀውን ትቶ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንጨት መግዛት አይታየኝም። ግን የወደቀውም እንጨት ዋጋ አለው። ዋጋው በብር ሳይሆን በሳምንታት ነው የሚከፈለው። እናንተ ካልከፈላችሁ ዓሣው ይከፍላል። በትምህርታችን ይሄ ኤክስተርናሊቲ ይባላል፤ አንዱ ለሚጠቀምበት ነገር ያልተጠየቀ ሌላ ሰው ወጪውን ሲሸከም ማለት ነው። ዓሣን ደግሞ የሚጠይቀው የለም።

«ሐይቅ ውስጥ ዛፍ ይወድቅ የለ እንዴ? ማን ቀቅሎት ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። የእናንተ መስታወት 60 ሊትር ይይዛል። ሐይቁ ውስጥ ተበትኖ የሚጠፋው ነገር መስታወቱ ውስጥ ተጠራቅሞ መርዝ ይሆናል።

እንግዲህ ክፍያው ከምርጫ ይጀምራል። የሞተ፣ የደረቀና ጠንካራ እንጨት ያስፈልጋል። በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ በስብሷል፣ ተዉት። ቁልቋልና ቅንጭብ በጭራሽ! ወተታቸው መርዝ ነው። ባሕር ዛፍ ዘይት አለው፣ ጥድም ሙጫ አለው፣ ይቅሩባችሁ። ከከተማ ወንዝ፣ ለምሳሌ ከአቃቂ፣ አታንሱ፤ እንጨት እንደ ስፖንጅ ነው፣ የጠጣውን ቆሻሻ ቀቅላችሁ አትጨርሱትም። አብያታና ሻላ ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ናቸው፣ የዚያን እንጨት እዚያው ተዉት። ውኃቸውም ሶዳ የበዛበት ስለሆነ አይሆናችሁም።

ቀጥሎ ልጣጩን አንሱና በጠንካራ ብሩሽ በደንብ ፈግፍጉት፣ በውኃ ብቻ። ኦሞም ሆነ ሌላ ሳሙና እንዳይነካው፤ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ይወጣል።

ከዚያ መቀቀል። እናቴ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን «አንተ ልጅ፣ እንጨት ደግሞ ይበስላል?» ብላ ስቃብኛለች። አይበስልም፣ ግን ውስጡ የተደበቀው ነፍሳት፣ እንቁላልና ፈንገስ ይሞታል። ይሄ ለዓሣው ብቻ አይደለም። ጣናን ጨምሮ በአንዳንድ ሐይቆቻችን የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ከውኃ ውስጥ እርጥቡን የወጣ እንጨት ቤታችሁ ይዟቸው ሊገባ ይችላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የውጭ ቪዲዮ «1 ሰዓት ቀቅሉ» ካላችሁ እናንተ 2 ሰዓት አድርጉት። ድስት ውስጥ የማይገባ ትልቅ እንጨት ከሆነ ደጋግማችሁ የፈላ ውኃ አፍስሱበት። ኦቨን ውስጥ ግን እንዳታስገቡት፣ እሳት ሊነሳ ይችላል።

አሁን ትዕግስት የሚፈትነው ክፍል መጣ። ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፉትና ውኃውን በየሁለት በየሦስት ቀኑ ቀይሩ። መጀመሪያ ውኃው እንደ ሻይ ይቀላል። ታኒን ነው፣ ቆዳ የሚለፋበት ያው ነገር። ጥቂቱ አብዛኞቹን ዓሦች አይጎዳም፣ ሲበዛ ግን የውኃውን አሲድነት ይጨምራል። አሁን መስታወቴ ውስጥ ያለው የግራር ቁራጭ ቀለሙ እስኪሳሳና ራሱ እስኪሰጥም 3 ሳምንት ፈጅቶበታል። ሌላው ከወር በላይ ሊቆይ ይችላል። አልሰጥም ካለ ድንጋይ ላይ እሰሩት።

ከገባ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጭ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ካለበሰው አትደንግጡ፣ ጉዳት የለውም፣ በጊዜው ይጠፋል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አውጡት። ውስጡ እየበሰበሰ ነው።

ደምሩት እንግዲህ። የሁለት ሰዓት መብራት፣ ጥቂት ሳፋ ውኃ፣ የአንድ ወር ትዕግስት። በእኔ ሒሳብ ርካሽ ነው፤ በተለይ ሌላኛው አማራጭ ሕይወት ያለው ነገር ከሆነ። ጊዜ የለኝም የምትሉ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፣ ግን እንጨቱን ተዉት። ደህና ጥቁር ድንጋይ ፈልጉና በብሩሽ ፈግፍጋችሁ እጠቡት። ኮምጣጤ ጠብ ስታደርጉበት አረፋ ካላወጣ ያን ይዛችሁ ግቡ። እሱም ያምራል፣ ዓሣችሁንም አያስከፍልም።