በረዶው ወይስ ድንጋዩ?

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል በመቐለ አዳዲስ ሕንጻዎች ላይ ሲፈጸም እናያለን። ፊታቸው በመስተዋት የተሸፈነ ፎቆች በየመንገዱ ይቆማሉ፤ ፀሐዩ በመስተዋቱ ገብቶ ክፍሉ ይግላል፤ ከዚያ በኋላ የአየር ማቀዝቀዣ መኪና ከውጭ አገር ይምጣ ይባላል። ውድ አንባብያን ሆይ፤ በሽታውንም መድኃኒቱንም በውጭ ምንዛሪ መግዛት ምን ይባላል?

«እንግዲያውስ ብርዱን በበረዶ እናከማች» የሚል ይኖር ይሆናል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ በሌላው ዓለም በትልልቅ ሕንጻዎች ይሠራበታል። አሠራሩም እንዲህ ነው። ሌሊት፣ የኤሌክትሪክ ፈላጊው በሚያንስበት ሰዓት፣ መኪናው በገንዳ ያለውን ውሃ ወደ በረዶ ይለውጣል፤ በማግሥቱ ቀትር ላይ በረዶው እየቀለጠ ቤቱን ያቀዘቅዛል። 1 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይውጣል። ይህም 1 ኪሎ ውሃ በ80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ይሁን እንጂ ዋና ጥቅሙ የኤሌክትሪኩን ጭነት ከቀን ወደ ሌሊት ማዛወሩ ነው። እንዲያውም ውሃን አቀዝቅዞ ከመተው ይልቅ እስከ በረዶ ማድረሱ ለመኪናው ይከብደዋል።

እንግዲህ ብርድን ሌሊት አከማችቶ ቀን መጠቀም መልካም ከሆነ፣ ለመቐለ የሚበጀው ማከማቻ የትኛው ነው? ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ያለ ክፍያ ይበርዳል። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበርና ሕድሞ የሚባለውን ቤት ግድግዳውን በወፍራም ድንጋይ፣ ጣራውን በአፈር ሠሩት።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። 1 ሜትር ኩብ ድንጋይ 2,400 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እያንዳንዱ ኪሎ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 0.85 ኪሎ ጁል ያህል ይቀበላል። ሌሊት በ5 ዲግሪ የበረደ እንደ ሆነ፣ ቀን ተመልሶ እስኪሞቅ ድረስ 10,200 ኪሎ ጁል ይውጣል፤ ይህ የ30 ኪሎ በረዶ ሥራ ነው። 20 ሜትር ኩብ ድንጋይ ያለው የመማሪያ ክፍል 600 ኪሎ በረዶ ያለ መኪና አገኘ ማለት አይደለምን? እርግጥ የግድግዳው ውስጥ በአንድ ሌሊት ሁሉ አይበርድም፤ ነገር ግን እኩሌታው ቢሠራ እንኳ 300 ኪሎ ነው። የሚያስፈልገው መስኮቱን ሌሊት ከፍቶ ቀን መዝጋት፣ ከፀሐይም መጋረድ ነው። ሌባ የሚያሠጋ ከሆነ የብረት ፍርግርግ ይበቃል።

ድንጋይ ጊዜ ይፈጃል፣ ዋጋውም ይከብዳል የሚል መልስ ይመጣል። እውነት አለው። ነገር ግን የድንጋይ ጠራቢው ደመወዝ እዚሁ ይውላል፤ ግድግዳውም መለዋወጫ አይጠይቅም፤ መብራት በጠፋ ጊዜም ሥራውን አያቆምም። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ተራ ነገር አይደለም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመር ተለይታ የቆየችው መቐለ ዳግመኛ የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ያየ ሰው ሁሉን ነገር በሶኬት ላይ ሊያንጠለጥል አይገባውም።

በረዶ ቦታ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ብርድ መቀመጥ አለበት፤ ይህን ድንጋይ አይሰጥም። ዙሪያውን በበረዶ የታጠረ የክትባት ማቀዝቀዣ ግን መብራት ቢቋረጥም ብርዱን ይዞ ይቆያል። እንደዚሁም ጨው ወደ እኛ የሚመጣበት የአፋር ቆላ አለ። በ1950ዎቹ በዳሎል የተለካው የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር። ሌሊቱም በማይበርድበት አገር ድንጋይ ብቻውን ምን ያደርጋል? በረዶው ለጤና ጣቢያና ለቆላ፣ ድንጋዩ ለደጋ ይሁን።

ይህን በቃል ብቻ አንተወው። የምሕንድስና ተማሪዎች በአንድ የድንጋይ ክፍልና በአንድ የመስተዋት ክፍል ቴርሞሜትር ሰቅለው ለአንድ ወር፣ ሌሊትና ቀን፣ ይመዝግቡ። ውጤቱም በዚህ መጽሔት ይውጣ። ማኅበራችንም ቁጥሩን ይዞ፣ የሚቀጥለው ሕንጻ ንድፍ ሳይጸድቅ ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች ያቅርብ። ሕንጻ አንድ ጊዜ ከቆመ በኋላ የሚጮኽ ተማሪ ቢበዛ የሚያገኘው ማራገቢያ ነው።